ሽቦ፣ ጫማና ድልድይ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ በአታሪ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ፕሮግራመር ዋረን ሮቢኔት አንዲት ክፍል ደበቀ። ክፍሏን ድንጋይም ጭቃም አልነካትም፤ «አድቬንቸር» በተባለ የቴሌቪዥን ጨዋታ ውስጥ ያለች ናት። ወደ እርሷ መግባት የፈለገ ተጫዋች በመጀመሪያ ከጥቁሩ ግንብ ውስጥ አንዲት ነጥብ ማግኘት አለበት። ነጥቧ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሆነች በዓይን አትለይም። እርሷን ይዞ ተገቢው ቦታ የደረሰን ሰው ግን ግድግዳው ያሳልፈዋል፤ ከግድግዳው ወዲያ የሠሪው ስም ቀለሙን እየለዋወጠ ያበራል።

ሮቢኔት ይህን ያደረገው ተናዶ ነው። አታሪ በዚያን ጊዜ የጨዋታ ሠሪዎቹን ስም ካርቶኑ ላይ አያትምም ነበር። አንዱ ካርትሪጅ በ25 ዶላር ገደማ ይቸረቸር ነበር፤ «አድቬንቸር» ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ የሠሪው ደሞዝ ደግሞ በዓመት 22 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ምስጢሩን ለማንም ሳይተነፍስ ሥራውን ለቀቀ። በ1980 ሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ክፍሏን አግኝቶ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። የአታሪ ሰዎችም እንዲህ ያለውን ድብቅ ነገር «የፋሲካ እንቁላል» አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸና። (ፈረንጆች ለፋሲካ ቀለም የተቀባ እንቁላል ሣር ውስጥ ደብቀው ልጆቻቸው እንዲፈልጉት ያደርጋሉ። የፋሲካን እንቁላል ከዶሮ ወጥ ውስጥ ማውጣት ለለመደ ሰው ስሙ ትንሽ ማብራሪያ ሳያሻው አይቀርም።)

ይህ የኩርፊያ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከኩርፊያው በኋላ የመጣው ግን ከእርሱ ይልቅ ሊወራለት የሚገባ ነው። «አድቬንቸር» በ4 ኪሎባይት ውስጥ የተጠቀጠቀ ዓለም ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምትላክ አንዲት ፎቶ እንኳ በመቶዎች እጥፍ ትበልጠዋለች። በዚያች ጠባብ ቦታ ሮቢኔት እርስ በርስ የተያያዙ ክፍሎችን፣ እየተነሱ የሚወሰዱ ዕቃዎችን፣ ተጫዋቹን የምትወክል አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አስቀምጧል። ሰይፍ ይነሳል፤ ቁልፍ ይነሳል፤ ድልድይ ተሸክሞ መሄድ ይቻላል። ከአታሪ ከወጣ በኋላ በአእምሮው የቀረው ጥያቄ ቀላል ነው። ልጁ ከመሬት የሚያነሳቸው ነገሮች ሰይፍና ቁልፍ መሆናቸው ቀርቶ፣ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የማሽን ክፍሎች ቢሆኑስ?

ጥያቄውን ይዞ የተቀላቀለው ከሦስት ሴቶች ጋር ነበር። አን ማኮርሚክ የትምህርት ሥነ ልቦና ያጠናች፣ ቴሪ ፐርል የሒሳብ ትምህርት ባለሙያና የሴት ሒሳብ ሊቃውንትን ሕይወት የጻፈች፣ ሌስሊ ግሪም ደግሞ ኋላ የብዙዎቹ ጨዋታዎች ሠሪ የሆነች ናት። አራቱ በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ለመነሻ ከናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ድጎማ አግኝተዋል፤ ዓላማውም ለሕፃናት የጂኦሜትሪና የሎጂክ ጨዋታ መሥራት ነበር። ሎጂክ! ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንኳ ብዙዎች የሚሸሹትን ትምህርት ጥርሱን እየነቀለ ላለ ልጅ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል።

ኮምፒውተርን ለማስተማሪያ ማዋል ግን በእነርሱ አልተጀመረም። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶናልድ ቢትዘር በ1960 «ፕሌቶ» የሚባለውን ሥርዓት ጀምሮ ነበር፤ ውሎ አድሮ ተማሪዎች በስክሪኑ ላይ የፍራፍሬ ዝንብ እያዳቀሉ የዘር ውርስን ሕግ የሚመረምሩበት ደረጃ ደርሷል። በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለማስተማር ልምምድ የወጡ ሦስት ወጣቶች «ኦሪገን ትሬይል» የተባለውን የስደተኞች ጉዞ ጨዋታ ሠሩ፤ ስክሪን ስላልነበረ መልሱ የሚመጣው በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ እየታተመ ነበር። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛትም በ1973 ለትምህርት ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ ስሙ በምሕፃረ ቃል «ሜክ» ይባላል።

ከሁሉም በላይ ሎጎ ነበር። በ1967 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋሊ ፎይርዛይግ፣ ሲሞር ፓፐርትና ሲንቲያ ሰለሞን ለልጆች ብለው የፈጠሩት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፓፐርት ፕሪቶሪያ የተወለደ፣ ጄኔቫ ላይ ከዣን ፒያዤ ጋር የሠራ የሒሳብ ሰው ነው። ልጁ ስክሪኑ ላይ ያለችውን «ኤሊ» የምትባል ምልክት «ይህን ያህል ወደፊት፣ ይህን ያህል ወደ ቀኝ» እያለ ያዛታል፤ ኤሊዋ የሄደችበት መስመር ሥዕል ይሆናል። ሥዕሉ ከተበላሸ ጥፋቱን ፈልጎ ማግኘት የልጁ ፋንታ ነው። ፓፐርት ይህን ፍለጋ የትምህርቱ እንብርት አድርጎ ያየው ነበር።

ገበያ ላይ የሞላው ግን የሎጎ ዓይነቱ አልነበረም። «7 ሲባዛ በ8 ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱ ሲገኝ እልል የሚል፣ ሳይገኝ የሚያፏጭ የጥያቄ ወረቀት ነበር፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ኤሌክትሪክ መብላቱ ብቻ ነው። በ1983 የወጣው ስመ ጥሩ «ማት ብላስተር» የሒሳብ ጥያቄን ከተኩስ ጋር አጋባ። እንዲህ ያለውን ጋብቻ ፓፐርት በ1998 በጻፈው መጣጥፍ ተሳልቆበታል፤ በርናርድ ሾው ስለ መልክና ስለ ዕውቀት ይነገርለት የነበረውን ቀልድ አስታውሶ፣ ትምህርትና መዝናኛ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ከሁለቱም ክፉ ክፉውን ወርሷል ሲል።

የሮቢኔት ጥያቄ መልስ የሆነው «ሮኪስ ቡትስ»፣ የሮኪ ጫማ ማለት ነው፣ በ1982 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ወጣ። ሮኪ ራኩን ነው፤ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል፣ በአሜሪካ ከተሞች ሌሊት የቆሻሻ በርሜል የሚበረብር እንስሳ። ልጁ ሲያሸንፍ ብቅ ብሎ ይጨፍራል። ዋናው ባለታሪክ ግን እርሱ ሳይሆን ጫማው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽና ቀለም ያላቸው ምልክቶች በየተራ ያልፋሉ። አንዳንዱ ነጥብ የሚያስገኝ፣ አንዳንዱ ነጥብ የሚያስቀንስ ነው። ዳር ላይ አንድ ቡትስ ጫማ ቆሟል፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይራገጣል። ልጁ ጫማውን በእጁ አያራግጠውም። መራገጥ ያለበትንና የሌለበትን ራሱ የሚለይ ማሽን መሥራት አለበት። ለዚህም ዕቃ ተሰጥቶታል። ሰማያዊ ነገር ሲያልፍ የሚበራ መለያ አለ፤ የተወሰነ ቅርጽ ሲያልፍ የሚበራ ሌላ መለያ አለ፤ ሽቦ አለ፤ ከዚያ ደግሞ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚባሉ ሦስት በሮች አሉ። ሰማያዊ የሆነ መስቀል ብቻ እንዲመታ የፈለገ ልጅ ሁለቱን መለያዎች ወደ «እና» በር ይስባል፤ ሁለቱም ካልበሩ በሩ አያሳልፍም። ሰማያዊ ያልሆነውን መስቀል የፈለገ የአንደኛውን መስመር «አይደለም» በሚለው በር ያሳልፈዋል።

ኤሌክትሪኩም ይታያል። ሽቦው ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ሲፈስ፣ በር ላይ ሲደርስ፣ ሲያልፍ ወይም ሲቆም ልጁ በዓይኑ ይከታተለዋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው፤ የጨዋታው ብልሃት በሙሉ ያለው እዚህ ነውና። እውነተኛ የኮምፒውተር ቺፕ ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር የለም። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሥለው ሠንጠረዥም ዜሮና አንድ ተደርድረው የቆሙበት ነው፤ አይንቀሳቀስም። ሮቢኔት ፍሰቱን ቀስ አድርጎ አሳየ። ስለዚህ ማሽኑ ሲሳሳት ልጁ የትኛው በር ላይ እንደተሳሳተ ያያል። ጫማው ዘግይቶ ከተራገጠ ምልክቱ በየበሩ ሲያልፍ ጊዜ እንደሚፈጅ ይገነዘባል። ወደ መጨረሻዎቹ እንቆቅልሾች ሲደርስ ሰዓትና ማዘግያ፣ እንዲሁም ፍሊፕ ፍሎፕ የሚባለው ክፍል ይመጣሉ። ፍሊፕ ፍሎፕ አንድን ነገር «የሚያስታውስ» ክፍል ነው፤ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ሁሉ ከእርሱ ዓይነት ሐሳብ ይጀምራል። የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ ስሙን ሳያውቀው ይገጣጥመዋል።

የዚህ ሎጂክ አባት ጆርጅ ቡል ነው። ሊንከን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ1815 የተወለደ፣ አብዛኛውን ዕውቀቱን በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው ነበር፤ የሰውን አስተሳሰብ በአልጀብራ መግለጽ ይቻላል የሚለውን ዋና መጽሐፉን በ1854 አሳተመ። ሰማንያ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ፣ በ1937፣ ክሎድ ሻነን የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በኤምአይቲ የማስተርስ ጽሑፉ ላይ የቡል አልጀብራ በኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። የቡል አባት ጫማ ሰፊ ነበር። ሮቢኔትና ባልደረቦቹ ይህን አስበው ጫማውን የመረጡት አይመስልም፤ ግጥምጥሞሹ ግን አያምርም አይባልም።

«ሮኪስ ቡትስ» ከ100 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ከትምህርት ጋር ስሙ ለተያያዘ ጨዋታ ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ጊዜውም ረድቶታል። በ1983 አፕል ለካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች 9 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን በነፃ ሰጠ፤ በየትምህርት ቤቱ ጥግ አንድ አፕል ተቀምጦ «በእርሱ ምን እናድርግበት?» የሚል መምህር በዛ። ለትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ግሪምና ሌሎቹ የገርትሩድን ጨዋታዎች አዘጋጅተው ነበር። ገርትሩድ እየበረረች ዕቃ የምታመጣ ዝይ ናት፤ ልጁ ያመጣችለትን በቅርጽና በቀለም ሕግ ይደረድራል። ሕጉን ግን ማንም አይነግረውም። ዕቃውን ያስቀምጣል፤ ካልተስማማ አይቀመጥለትም፤ እንደገና ይሞክራል።

በአማርኛ እነዚህን ጨዋታዎች «እንቆቅልሽ» ማለታችን የቃል ድህነት ካልሆነ በቀር ልክ አይመስልም። በእኛ ምድጃ ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይመለሳል፤ መልሱ የጠፋበት ደግሞ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አለማወቅ አገር ያስከፍላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን አስረክቦ፣ ተዘባብተውበት፣ ከዚያ መልሱን ይሰማል። ትውስታንና የቃላት ቅልጥፍናን የሚያሠለጥን ድንቅ ጨዋታ ነው። መልሱ ግን በጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው፤ መላሹ ወይ ያውቀዋል ወይ አያውቀውም። በሮኪ ክፍል ውስጥ በኪስ የተደበቀ መልስ የለም። ማሽኑ ሠራ ወይም አልሠራም። አንዱን እንቆቅልሽ ሁለት ልጆች በሁለት ዓይነት ሽቦ ሊፈቱት ይችላሉ፤ መቶ ጊዜ የተሳሳተም አገሩ በእጁ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ይህንኑ መንገድ እስከ ገደሉ ጫፍ ሄደበት። «ሮቦት ኦዲሲ» በ1984 ወጣ፤ የሠሩት ማይክ ዋላስና ሌስሊ ግሪም ናቸው። ተጫዋቹ ከአልጋው ወድቆ ሮቦትሮፖሊስ በምትባል ከመሬት በታች ባለች ከተማ የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ጓደኞቹ ስፓርኪ፣ ቼከርስና ስካነር የሚባሉ ሦስት ሮቦቶች ናቸው። አይናገሩም፤ አያስቡም። ልጁ ሮቦቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሽቦውን ካልቀጠለለት የትም አይሄዱም። ሮቦቱ ግድግዳ ሲነካ የሚበራ መከላከያ፣ ወደ አራት አቅጣጫ የሚገፉ ሞተሮች፣ ዕቃ የሚይዝ እጅ፣ ከሌላው ሮቦት ጋር የሚነጋገርበት አንቴና አለው። ከግድግዳ ጋር ተላትሞ የሚመለስና የጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ የሚወጣ ሮቦት ለመሥራት የሮኪን ጫማ የጨረሰ ልጅ የተማረው ሁሉ ያስፈልገዋል። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ሮቦቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጨዋታው ቤተ ሙከራም ነበረው፤ ልጁ የሠራውን ሰርኪዩት እዚያ ወስዶ ወደ አንዲት ትንሽ ቺፕ ይለውጠዋል፤ ቺፗን ሮቦቱ ውስጥ ያስገባታል። ትልቅ ነገር ሠርቶ፣ በትንሽ ሣጥን ከቶ፣ ያችን ሣጥን ለሌላ ትልቅ ነገር መሥሪያ ማድረግ የምህንድስና ትልቁ ልማድ ነው። «ሮቦት ኦዲሲ» ይህን አስተማረ፤ ያለ ርኅራኄ ግን። ክፋት ባይሆንበትም ጭካኔ አለበት። በልጅነታቸው ጀምረውት ጎልማሳ ሆነው የተመለሱበት፣ ያኔም ያልጨረሱት ሰዎች አሉ። የልጆች ጨዋታ ብሎ ካርቶን ላይ መጻፍ የካርቶኑ እንጂ የጨዋታው ሐሳብ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሽቦ ወደ ገመድ እንሻገር። ኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ዩጂን ከተማ ውስጥ የነበረው የዳይናሚክስ ድርጅት በ1993 «ዘ ኢንክሬዲብል ማሽን» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ሐሳቡ ጄፍ ታነልና ባልደረቦቹ በ1984 የጠነሰሱት ሲሆን ሌላ ሥራ ስለቀደመው ለዓመታት ተንከባሎ ቆይቷል። በመጨረሻ ኬቨን ራያን ዘጠኝ ወር በሚሆን ጊዜ ፕሮግራሙን ጻፈው፤ ጠቅላላ ወጪው 36 ሺህ ዶላር ነበር። ከዚህ በኋላ የሚመጡትን የዶላር ቁጥሮች ሲያይ አንባቢው ይህችን 36 ሺህ ባይረሳት ጥሩ ነው።

ስክሪኑ ላይ ግማሹ የተሠራ የእብድ ማሽን ተዘርግቷል። ዓላማውም ተጽፏል፤ ለምሳሌ ኳሱን ቅርጫት ውስጥ ማስገባት። ከጎን ያለው ሣጥን ውስጥ ገመድ፣ የገመድ መዘውር፣ ሚዛን ሰሌዳ፣ መቀስ፣ ፊኛ፣ ሻማ፣ ማንቀሳቀሻ ቀበቶ፣ ሲያስደነግጧት መሽከርከሪያዋ ውስጥ የምትሮጥ አይጥ አሉ። ልጁ ዕቃውን ባዶው ቦታ ላይ ያስቀምጥና ማስጀመሪያውን ይጫናል። ኳሱ ይወድቃል፣ ሰሌዳው ይነሳል፣ ገመዱ ይሳባል፣ መቀሱ ይከደናል፣ ፊኛው ይለቀቃል፤ ከዚያም ፊኛው ሁለት ጣት ያህል ተሳስቶ ያልፋል። ልጁ ይስቃል፤ ሰሌዳውን ሁለት ጣት ያህል ገፋ አድርጎ እንደገና ይጫናል። የዚህ ዓይነቱን እብድ ማሽን ታዋቂ ያደረገው አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ሩብ ጎልድበርግ ነው። እርሱም ምህንድስና የተማረ፣ ወደ ሥዕል ከመግባቱ በፊት በሳን ፍራንሲስኮ የውኃና የፍሳሽ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነበር፤ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚያስቅ ከውስጥ ያየ ማለት ነው።

ራያን የስበትን ኃይልና የአየርን ግፊት ተጫዋቹ እንዲለዋውጣቸው አድርጓል። ስበት ሲላላ ኳሱ ሌላ ኳስ ይሆናል። ደግሞም ያው አቀማመጥ ሁልጊዜ ያው ውጤት ያመጣል፤ ዕድል የሚባል ነገር የለበትም። ይህች ሁለተኛዋ ነገር ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን አንድ ዕቃ ብቻ አንቀሳቅሶ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ የሚሆነውን ማየት የሙከራ ሳይንስ ሀሁ ናት፤ ይህም የሚቻለው ዓለሙ ቃሉን ሲጠብቅ ብቻ ነው።

ሌላው ታላቅ ጨዋታ ከንግድ ድርጅት ቤት አልወጣም። ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ያለው ተርክ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ምርምር ተቋም ነው። እዚያ የሚሠሩት ክሪስ ሃንኮክና ስኮት ኦስተርዋይል የነደፉትን «የዙምቢኒዎች ሎጂካዊ ጉዞ» ብሮደርበንድ የተባለው አሳታሚ በ1996 አወጣው። ዙምቢኒዎች ድንች የሚያካክሉ ሰማያዊ ፍጥረቶች ናቸው። ደሴታቸውን ባዕዳን ስለቀሟቸው በጀልባ ተሳፍረው አገር ፍለጋ ይወጣሉ። ስደት የልጆች ጨዋታ መነሻ መሆኑ የሚያሳዝን ቢመስልም ጉዟቸው ሳቅ የበዛበት ነው።

እያንዳንዱ ዙምቢኒ አራት መለያ አለው፤ ፀጉር፣ ዓይን፣ አፍንጫና እግር። እያንዳንዱ መለያ አምስት ዓይነት ስለሆነ የሚቻሉት ፊቶች 625 ናቸው። ልጁ 16 16 እያደረገ ይዟቸው ይጓዛል። የመጀመሪያው ፈተና ሁለት ድልድይና ሁለት ገደል ነው፤ ገደሎቹ ፊት አላቸው፤ ፊቶቹም አለርጂ አለባቸው። አንደኛው ምናልባት ቀይ አፍንጫ ሲያልፍበት ያስነጥሳል። ሲያስነጥስ ዙምቢኒው ወደ ኋላ ተወርውሮ ይመለሳል፤ ድልድዮቹን ከያዙት ስድስት ችንካሮች አንዱ ይነቀላል። ችንካሩ ሲያልቅ ድልድዩ ይወርዳል፤ ያልተሻገሩት ወደ ሰፈር ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ጎበዝ ልጅና ገና ያልበሰለ ልጅ ይለያያሉ ማለት ይቀላል፤ ግን ትክክል አይደለም። የሚለያዩት የሙከራ ዓይነቶች ናቸው። ዝም ብሎ የሚልከው ልጅ ችንካሩን ይጨርሳል። ሁለተኛው ተራ ላይ ግን አንዱ ካስነጠሰ በኋላ በአፍንጫው ብቻ የሚለይ ሌላ ዙምቢኒ ፈልጎ ይልካል። ያ ካለፈ ነገሩ ከአፍንጫው ነው። በተቋም ቋንቋ ይህ መላ ምት አውጥቶ መፈተን ይባላል። ልጁ «ገደሉ ቀይ አፍንጫ አይወድም» ነው የሚለው። ወረድ ሲል አርኖ የሚባል ግንድ የሚያህል ጭራቅ ፒዛ ካልበላሁ አላሳልፍም ይላል፤ የሚወደውን ቅመም ግን አይናገርም። ቢሰጡት «ይጨመርበት» ወይም «ይህን አልፈልግም» ብሎ ያጉረመርማል፤ ልጁም ከማጉረምረሙ ትእዛዙን ያወጣል። ፈተናዎቹ 12 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አራት የክብደት ደረጃ አላቸው። በአራተኛው ደረጃ ወላጅ ወንበር ስቦ ልጁ አጠገብ ይቀመጣል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሥራ ለምን ቀጠነ? ልጆቹ ሰልችተው ነው የሚሉ አሉ፤ ኢንተርኔት መጣ የሚሉም አሉ። የሒሳብ መዝገቡ ግን ሌላ ታሪክ ያወራል።

በ1995 ብሮደርበንድና ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ ሊዋሐዱ ተስማምተው ነበር። መሐል ላይ ሶፍትኪ የተባለ ድርጅት ገባ። ሶፍትኪ የካናዳዊው የኬቨን ኦሊሪና የሸሪኮቹ ነበር፤ ኦሊሪን ዛሬ አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች «ሻርክ ታንክ» በሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ያውቁታል። ድርጅቱ የሚታወቀው በርካሽ ሲዲ ነበር። ዘ ለርኒንግ ካምፓኒን በ606 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ወዲያው የሚኒሶታውን ሜክንም ጠቀለለ፤ የገዛውን ድርጅት ስም ራሱ ላይ አጠለቀ። በ1998 ብሮደርበንድንም ዋጠ። የሮኪ፣ የኦሪገን ትሬይልና የዙምቢኒዎች ቤት አንድ ሆነ ማለት ነው። ዋጋው ይውረድ፣ ሠራተኛው ይቀነስ የሚለው ዘዴ ለሳሙና ይሠራ ይሆናል። ሁለት ሰው ዓመታት አስቦበት የሚሠራው እንቆቅልሽ ግን ከሁሉ በፊት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ወጪ ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ከዚያ የባርቢ አሻንጉሊት አምራች ማቴል መጣ። በ1999 ይህን ሁሉ ጥርቅም በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። የዚያኑ ዓመት ሦስተኛ ሩብ ላይ ትርፍ ያመጣል የተባለው ክፍል 105 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አሳየ፤ የማቴል አክሲዮን ተንኮታኮተ፤ በየካቲት 2000 ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ጂል ባራድ ወንበሯን ለቀቀች። በዚያው ዓመት ማቴል ድርጅቱን በእጁ ገንዘብ ሳይቀበል፣ ወደፊት ከሚገኝ ገቢ ድርሻ ብቻ ተስማምቶ፣ ለሌላ ሰጠው። ዳይናሚክስም በ2001 ተዘጋ። ኳሱን ቅርጫት ውስጥ የሚያስገባው ጨዋታ በ36 ሺህ ዶላር ተሠርቶ ነበር።

ሠሪዎቹ ግን አልጠፉም። ሮቢኔት ወደ ናሳ ሄዶ በምናባዊ እውነታ ሥራ ላይ ተሰማራ፤ ቀጥሎም በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች በማይክሮስኮፕ የሚታይን እጅግ ረቂቅ ገጽታ በእጃቸው እንደሚዳስሱት ያህል እንዲሰማቸው የሚያደርገውን መሣሪያ ከሠሩት አንዱ ሆነ። የማይታየውን ማሳየት የሮኪ ሽቦ ላይ የጀመረው ልማድ ነው። ኦስተርዋይል ኤምአይቲ ገብቶ በትምህርታዊ ጨዋታ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ተርክም በ2015 ዙምቢኒዎችን ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ለታብሌት አድሶ መለሳቸው።

በ2008 ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ «ፎልዲት» የሚባል ጨዋታ አወጣ፤ ተጫዋቾች የፕሮቲን ሰንሰለትን እያጣጠፉ ነጥብ የሚሰበስቡበት ነው። በ2011 የፎልዲት ተጫዋቾች በዝንጀሮ ላይ የኤድስ ዓይነት በሽታ የሚያመጣን ቫይረስ የአንድ ኢንዛይም ቅርጽ በሦስት ሳምንት ውስጥ አወጡት፤ ሳይንቲስቶች ከአሥር ዓመት በላይ ሲታገሉት ቆይተው ነበር። ከፎልዲት ጀርባ ካሉት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ዴቪድ ቤከር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ገደሉ የሚያስነጥስበትን ምክንያት ሠሪውም የማያውቅበት ጨዋታ ተገኘ ማለት ነው።

ነገሩ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌቶች አመጣ፤ ከእሳተ ገሞራው ሐይቅ አፋፍ ላይ ወዳለችው ወንጪና በስምጥ ሸለቆ ወዳለች ሌላ መንደር። ታብሌቶቹ በካርቶን ታሽገው መጡ፤ መምህርም መመሪያም አልነበረም። ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል መሙላትን ብቻ አሳዩአቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው እየመጣ የልጆቹን አጠቃቀም የመዘገበውን ካርድ ይለውጥ ነበር። ውስጡ ያሉት ጨዋታዎች የሚያስተምሩት የእንግሊዝኛን ፊደል ነው፤ ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ አይደለም። ይህ ጉድለት በወቅቱ በተነገረው የድል ዜና ውስጥ ብዙም አልተነሳም።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት በአንድ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ሲናገር፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት እንደነበር ገልጿል። ቁጥሮቹ የመጡት ከባለጉዳዩ አፍ ስለሆነ ጨው ጣል አድርጎ መስማት አይከፋም። የድርጅቱ ሰዎች የተናገሩት ሌላው ነገር ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። ልጆቹ የስክሪኑን ገጽታ እንዳይነካኩ የሚከለክል ፕሮግራም ተጭኖ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ሌላ መልክ ይዞ ተገኘ። ካሜራውንም አንድ ሰው ሳያስበው ቆልፎት ነበር። ልጆቹ ታብሌቱ ካሜራ እንዳለው ደረሱበት፤ መቆለፊያውን ፈትተውም ከፈቱት።